አዲስ የተሠራው አሮጌ ሽጉጥና የቦሌ ነጋዴ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚያልፍ ሰው፣ በግራና በቀኝ ከተሠሩት ትልልቅ ሕንፃዎች ወደ አንዱ ለመግባት ቢፈልግ፣ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሻጭ ሳይሆን ፈታሽ ነው። ፈታሹም ኪስ ዳስሶ፣ ቦርሳ አስከፍቶ፣ «መሣሪያ ይዘዋል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ይዣለሁ የሚል እንግዳ ሲገኝ ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ያስረክባል፤ ዘበኛውም ተቀብሎ በመሳቢያ ውስጥ ያኖርና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል። አንዳንድ ስፍራ ደግሞ ካርድም የለም፤ መልክ በመተዋወቅ ብቻ ይረካከባሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲሆን፣ ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁት ልጆቻቸውን ይዘው ጫማ ሊገዙ የመጡ እናቶች ናቸው።

ይህን ልማድ ሁሉም ስለለመደው የሚያስተውለው የለም። ነገር ግን መሳቢያው የባለ ሕንፃው ነው፤ ዘበኛው የባለ ሱቆቹ ተቀጣሪ ነው፤ በመሳቢያው ውስጥ ያለውም ዕቃ የሰው አደራ ነው። ስለዚህ የሽጉጥ ነገር የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ መሆኑን ማንም ሊክደው አይችልም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በነጋዴዎች ጨዋታ መካከል ስለ ሽጉጥ አንድ አዲስ ወሬ መሰማት ስለ ጀመረ፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ተገቢ ሆኗል። ወሬውም፣ አባቶቻችን ያውቁት የነበረው ብራውኒንግ ሽጉጥ እንደገና ተሠርቶ በአዲስ መልክ ለገበያ ወጥቷል የሚል ነው።

ወሬው እውነት ነው። ወሬውን ወደ ገርጂ ካመጡት ሰዎች አንዱ፣ የቤት ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ባለ ሱቅ፣ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር ታናሽ ወንድማቸውን ለመጠየቅ ሄደው በነበረበት ጊዜ በዓይናቸው አይተውታል። ወንድማቸው የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ስለሆነ ሽጉጡን ከሕጋዊ ሱቅ ገዝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤት ውስጥ በተሠራ የዒላማ መተኮሻ ስፍራ ይለማመድበታል። ታላቅየው ግን ለአንድ ጊዜ እንኳን ልሞክረው ቢሉ አልተፈቀደላቸውም፤ በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው የአደን ፈቃድን የመሰለ ልዩ ምክንያት ከሌለው በቀር መሣሪያ እንዳይዝ የዚያ አገር ሕግ ይከለክላልና። እርሳቸውም ከወፍራም መስተዋት ጀርባ ሆነው፣ የጆሮ መከላከያ አድርገው፣ ወንድማቸው በሰባት ሜትር ርቀት የተሰቀለውን ወረቀት ሲበሳው ተመለከቱ። አንዳች ነገር በሌለው ሰው ላይ ሽጉጥ እንደማይዞር፣ ተኩስ ይቁም በተባለ ጊዜ ሁሉም መሣሪያውን አራግፎ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያኖርና ወደ ኋላ እንደሚል፣ ትእዛዙን ያልፈጸመም ወዲያው እንደሚባረር አዩ። ከሽጉጡ ይልቅ ይህ ሥርዓት ሊያስደንቃቸው በተገባ ነበር፤ ይዘው የተመለሱት ግን የሽጉጡን ፍቅር ነው።

ፍቅሩ ምክንያት የሌለው አይደለም። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1855 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የተወለደ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ ነበር። የፈለሰፋቸውን ሽጉጦች በአሜሪካ ለኮልት ኩባንያ፣ በአውሮፓ ደግሞ በቤልጅግ አገር ከሊየዥ ከተማ አጠገብ በኤርስታል ለሚገኘው ለኤፍ ኤን ፋብሪካ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኮልት የእርሱ ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በሳራዬቮ የአውስትሪያን አልጋ ወራሽ ገድሎ የዓለምን ጦርነት የጫረው ጥይት የወጣውም የእርሱ ንድፍ ከሆነው የኤፍ ኤን ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 እዚያው በሊየዥ በሥራ ላይ እንዳለ ሲሞት፣ ጀምሮ የተወውን ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የፋብሪካው ባለሙያ ዲዮዶኔ ሴቭ ወስዶ ጨረሰውና እ.ኤ.አ. በ1935 ወጣ። ያን ጊዜ ሌሎቹ ሽጉጦች ሰባት ወይም ስምንት ጥይት ሲይዙ ይህኛው 13 ይይዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፋብሪካውን ወርረው ለራሳቸው አሠሩት፤ በሌላ በኩል ደግሞ ኢንግሊስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ለቻይናና ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ሠራው። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሽጉጥ በሁለቱም ወገን ሲተኩስ ቆየ። ንግድ ወገን እንደማይለይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲሠራ ከኖረ በኋላ ኤፍ ኤን ሥራውን ማቆሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ታወቀ። ወዲያውም ገበያው የሚያደርገውን አደረገ፤ የተረፉት አሮጌዎቹ ብራውኒንጎች ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። የፓተንቱ ዘመን ካለፈ ብዙ ዓመት ስለሆነው፣ ንድፉን ለመሥራት የሚከለከል ፋብሪካ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ስፕሪንግፊልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኤስ ኤ 35» ብሎ ሠርቶ በ700 ዶላር ገደማ አወጣው። በጥቁር ባሕር ዳር በጊሬሱን ከተማ ያለው የቱርኩ ጊርሳንም የራሱን አቀረበ። በዚህ ጊዜ ዋናው ባለቤት ኤፍ ኤን ቁጭቱ ይሁን ጥቅሙ ገፋፍቶት እ.ኤ.አ. በ2022 በድሮው ስም አዲስ ሽጉጥ ከ1,200 ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ይዞ ተመለሰ። አስመጪዎች ከዚህ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ሳያስተውሉ እንዳያልፉ ያሻል። ንድፉን ሁሉም ሲሠራው ስሙን ግን ሁሉም አልደፈረውም፤ አሜሪካኖቹ የዓመቱን ቁጥር 35ን ብቻ ወስደው የራሳቸውን ፊደል ጨመሩበት። ፓተንት ዘመኑ ሲያልፍ የሕዝብ ይሆናል፤ የንግድ ምልክት ግን ባለቤቱ እስካሳደሰው ድረስ የባለቤቱ ነው። በመርካቶም ሆነ በቦሌ የታወቀ ስም ለጥፎ የሚሸጥ ሰው ሁለቱን እያምታታ ይከሰሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዲሱ ብራውኒንግ ከአሮጌው ይመሳሰላል እንጂ አሮጌው አይደለም። ክብደቱ ወደ 900 ግራም ሆኖ በእጅ ሲያዝ የድሮውን ይመስላል። የድሮው በሚተኮስበት ጊዜ ከኋላ ያለው መቺ ወደ ኋላ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይነክስ ነበር፤ በአዲሱ የአሜሪካ ሥራ ይህ ታርሟል። ማነጣጠሪያውም ጎልቶ እንዲታይ ተደርጓል። እስከዚህ ድረስ የተሻሻለ ነው ለማለት ይቻላል። በድሮው ላይ ግን በፈረንሳይ ጦር ፍላጎት ምክንያት የገባ አንድ መከላከያ ነበረበት፤ ይኸውም ጥይት የሚይዘው ካዝና ከእጀታው ከወጣ ምላጩ ቢሳብም ሽጉጡ አይተኩስም። ይህ መከላከያ ምላጩን ስለሚያከብደው ተኳሾች ሲያጉረመርሙበት ኖረዋል፤ ስለዚህም አሜሪካኖቹ አውጥተው ጣሉት፤ ኤፍ ኤንም በአዲሱ ሥራው ተወው።

ለዒላማ ተኳሹ ይህ መሻሻል ነው። ለቦሌ በር መሳቢያ ግን አደጋ ነው። ሽጉጥ ተቀባብሎ አንዲት ጥይት በአፈሙዙ ውስጥ ከገባች በኋላ ካዝናውን ቢያወጡት ያቺ ጥይት በዚያው ትቀራለች። በድሮው ብራውኒንግ ያደገ ሰው ካዝናውን መዝዞ «ባዶ ነው» ብሎ ለዘበኛው ቢያቀብል ከስሕተቱ የሚያድነው መከላከያ ነበረ፤ በአዲሱ ግን የሚያድነው የለም። መልካቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ገበያ ላይ ሲገኙ ምን እንደሚከተል፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጥ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የፓምፕ ስሕተት ሰው አለመግደሉ ነው። (ካዝና የሚለው ቃል የነጋዴውን ገንዘብ ማስቀመጫና የሽጉጡን ጥይት መያዣ በአንድነት መጥራቱ ቋንቋችን ያደረገው ቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ አንደኛው ባዶ ሲሆን ባለቤቱ ያዝናል፣ ሁለተኛው ባዶ ሲሆን ግን ደስ ሊለው ይገባል።)

በጥይቱም ነገር እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገው ወዳጅነት ብዙ ማካሮቭና ቶካሬቭ ወደ አገራችን ስለገባ፣ በእኛ ዘንድ ሽጉጥ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው እነዚህን ነው። ማካሮቭም ብራውኒንግም በወሬ «ዘጠኝ ሚሊ» ይባላሉ። ነገር ግን የማካሮቭ ቀለህ 18 ሚሊሜትር፣ የብራውኒንግ ደግሞ 19 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ የእርሳሱም ውፍረት አንድ አይደለም፤ አንዱ በሌላው አይተኮስም። ቶካሬቩ ደግሞ በሌላ ጥይት፣ በ7.62 ነው የሚሠራው፤ ቻይናዎችና ዩጎዝላቮች ቀድተውታል፤ ሩስያዊው ሲሠራውም ከብራውኒንግ ብዙ ወስዷል። በመጀመሪያው ሥሪቱ ላይ መቺውን በግማሽ ከማቆም በቀር የእጅ መቆለፊያ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ስሙን ብቻ ሰምቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው በማናቸውም ንግድ ይጎዳል፤ በዚህኛው ግን ጉዳቱ ከኪስ ያልፋል።

አሮጌ መሣሪያ እንደ አዲስ ሆኖ ለሸዋ ሲሸጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ እንጦጦ የደረሰው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎች ይዞ ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጦር ቤት ከተጣሉ አርባ ዓመት ያህል የሆናቸው፣ እየታደሱ የሚሸጡ ባለ ቆብ ጠመንጃዎች ነበሩ። ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኘው ጠመንጃ በሸዋ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ገልጿል። ልብ ይባል፤ ከተማይቱ ያቺው የብራውኒንግ ሊየዥ ናት። ይሁን እንጂ ምኒልክ የዋዛ ደንበኛ አልነበሩም። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሐረርን ይዘው ብዙ መሣሪያ ስለተማረኩ የራምቦ ዕቃ አላስጎመጃቸውም፤ ዋጋውን ቀነሱ፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቈረጡ፣ ለቀረውም በሐረር ራስ መኰንን እንዲከፍሉት ሐዋላ ጻፉለት። አሮጌን በአዲስ ዋጋ ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ከሚያውቅ ገዢ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይሆናል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በተሻለ ብልሃት ነግዷል፤ ለንጉሡ መሣሪያ ከማቅረቡም ሌላ ለአዲስ አበባ መንገድ መዳመጫ የሚሆን ባለ እንፋሎት መኪና አስመጥቶ «የሰርኪስ ባቡር» በሚል ስም እስከ ዛሬ ይታወሳል።

የዚያ ዘመን አስመጪና ገዢ የዕቃን ስም እንኳን አጥርተው ይጠይቁ ነበር። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ የሠሪውን ወይም የአገሩን ስም በአማርኛ አፍ አሽቶ የያዘ ነው። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» መሆኑን፣ ስናድርም የስናይደር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ገበሬው የአንዱን ጥይት ለሌላው አያጎርስም ነበር። የዛሬው የከተማ ሰው ግን «ቱርክ ሽጉጥ» ሲል የትኛው ፋብሪካ፣ የትኛው ጥይት፣ በምን ወረቀት ብሎ አይጠይቅም።

በዚህ ላይ እውነቱን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በቱርክ አገር በሕግ የሚሠሩ፣ በዓለም ገበያ የተከበሩ የሽጉጥ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከላይ የተጠቀሰውም ከእነርሱ አንዱ ነው። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፖሊስና ጉምሩክ በነዳጅ ቦቴና በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ተደብቀው ሲገቡ ያዝናቸው ብለው ከሚያስታውቋቸው መሣሪያዎች መካከል የቱርክ ሥሪት ሽጉጥ ስሙ ተደጋግሞ ይነሣል። በምሥራቅ አፍሪካ የመሣሪያ ዝውውርን የሚመረምሩ ሰዎች እንደሚመሰክሩትም፣ ከነዚህ ብዙዎቹ ለድምፅ ብቻ ተብለው ከተሠሩ በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ናቸው። ለድምፅ የተሠራ ብረት የእውነተኛ ጥይትን ኃይል እንዲችል ሆኖ አልተቀለጠም፤ ስለዚህ አንድ ቀን የሚፈነዳው በጠላት ፊት ሳይሆን በባለቤቱ መዳፍ ውስጥ ነው። በሊየዥ ከተማ ማንኛውም አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት በከባድ ባሩድ ተፈትኖ ምልክት እንዲመታበት ከ1672 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥርዓት የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክት የሌለው፣ መለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ፋክቱር የማይቀርብለት ዕቃ በማናቸውም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ጠንቃቃ ነጋዴ አይነካውም። ሽጉጥ ሲሆን ለምን ይነካዋል?

መሣሪያን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከቀድሞ ጀምሮ በሕግና በውል የታጠረ ጉዳይ ነው። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ አገዱ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ ስለ መሣሪያ ንግድ የተደረገውን ስምምነት መቀበሏን እንድትገልጽ ተጠየቀች፤ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ውል ተፈራረመች። ከአምስት ዓመት በኋላ በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ የመሣሪያ ዕገዳው ፋብሪካ ያላትን ኢጣልያን ሳይሆን ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን እንደ ጎዳ ማንም አይዘነጋውም። ስለዚህ አባቶቻችን መሣሪያ መወደዳቸው ከንቱ ፍቅር አልነበረም። ዛሬ ግን ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠገንም ወንጀል ነው። «ከአሜሪካ በሻንጣ አመጣዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ግንብ እንዳለበት ይወቅ፤ አንደኛው ያ አገር ሽጉጥ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚያደርገው ክልከላ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቦሌ ጉምሩክ ነው። በዚያ በኩል ከአንድ ሽጉጥ ጋር የሚያዘው የሃያ ዓመት መልካም ስምና የንግድ ፈቃድ ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ሱቄን በምን ልጠብቅ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የድሮው ሲራራ ነጋዴ ከጎንደር እስከ እናርያ ሲወርድ ጠመንጃ ያነገተው ለጌጥ አልነበረም፤ በመንገዱ ሽፍታ ነበረበት፤ ሀብቱም አሞሌና ማርትሬዛ ሆኖ በበቅሎ ጀርባ ላይ ነበረ። በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት በኩል ማታ ሱቅ ዘግተው የሚሄዱ ሰዎችም የሚፈሩት ነገር እንዳላቸው እነርሱው ይናገራሉ። ነገር ግን የዛሬው ነጋዴ ገንዘብ በበቅሎ አይጫንም። አብዛኛው በባንክ ያልፋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ቴሌብር የዕለት ሽያጩን ከመሳቢያ ወደ ስልክ እያሸጋገረው ነው። በመሳቢያው የቀረው ጥቂት ብር ለሌባው ሕይወትም ለባለቤቱ ሕይወትም ዋጋ የሚሆን አይደለም። ደግሞም ሽጉጥ የሚጠብቀው በእጁ ልምድ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የቨርጂኒያው ታናሽ ወንድም በየቅዳሜው ሃምሳና መቶ ጥይት ሲተኩስ ከርሞ እንኳን ወረቀቱን የሚስትበት ቀን አለ። በከተማችን ያለ ፈቃድ መተኮስ የተከለከለ ነው፤ ብዙው ባለ ፈቃድም ሽጉጡን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ከወገቡ አውጥቶ የወለወለው እንጂ የተለማመደበት አይደለም። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ ልምምድ አይባልም፤ የወጣችው ጥይት የምትወርድበት ስፍራ የጎረቤት ቆርቆሮ ነውና። ተኩሶ የማያውቅ ሰው በጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በደንበኞች መካከል፣ በድንጋጤ ሽጉጥ ሲያወጣ ሌባውን የመምታቱ ዕድል ሻጩን ከመምታቱ ዕድል የሚበልጥ አይደለም።

ሽጉጥ የሚለው ስም ከመሸጐጥ የወጣ ነው፤ በድሮ ጊዜ ግን የተከበረ ሰው በማኅደር አድርጎ በግልጽ ይታጠቀው ነበር። ዛሬ በኮት ሥር ተሸጉጦ መዋሉ ሳይሻል አይቀርም፤ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘውንም ሰው መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው ወደ ሱቅ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል ይገባል፤ ደንበኛም ነው፤ ሊከበርም ይገባል። የሚከበረው ግን ሽጉጡን በሥርዓት በመረከብ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ በሩ መሳቢያ ይመለሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ሲደነግግ፣ አደራ ተቀባዩ ዕቃውን በጥንቃቄ መጠበቅና ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት አስፍሯል። ለጃንጥላና ለቦርሳ ቁጥር ያለው ካርድ ይበቃ ይሆናል። ለሽጉጥ ግን አይበቃም። ካርዱ ቢጠፋ፣ ወይም በሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ያን ሽጉጥ ይዞ የወጣው ሰው ለሚሠራው ሥራ ማን ሊጠየቅ ነው? ዘበኛው በወር ደመወዝ የሚተዳደር፣ ብዙ ጊዜም በኤጀንሲ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ስለ ብራውኒንግ አዲስና አሮጌ ልዩነት ያስተማረው የለም። ተቀባብሎ የመጣን ሽጉጥ በሰው ፊት እንዲያራግፍ ማስገደድም ጭካኔ ነው።

በዚህ ረገድ የንግድ ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ለነጋዴው ስንት ዓይነት ቅጽ ያዘጋጀ ቤት፣ ለመሣሪያ ርክክብ የሚሆን አንድ ወጥ ደረሰኝ ከፖሊስ ጋር ተመካክሮ ማዘጋጀት አያቅተውም። በደረሰኙ ላይ የሽጉጡ ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ቢሰፍርና ሁለቱም ወገን ቢፈርሙበት ግማሹ ችግር ይወገዳል። ሌላው ግማሽ የሚወገደው ባለቤቱ ራሱ፣ ከሰው ገለል ባለ ስፍራ፣ አሸዋ ወደ ሞላው ሣጥን አፈሙዙን አዙሮ፣ በመጀመሪያ ካዝናውን አውጥቶ ቀጥሎም አቀባብሎ የቀረች ጥይት አለመኖሯን በዓይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ ሲያስረክብ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለት መጀመሪያ አቀባብሎ ቀጥሎ ካዝናውን ቢያወጣ፣ ከካዝናው አዲስ ጥይት ወደ አፈሙዙ ይገባል፤ ሽጉጡ ባዶ የመሰለውም ሰው ሙሉ ሽጉጥ ያስረክባል። ይህን አንድ ነገር በጉልህ ጽፎ በየበሩ መለጠፍ የሚያስወጣው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ሣጥኑም ከእንጨት ሳይሆን ከብረት ይሁን፤ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ወጪው በአንድ ሕንፃ ላሉት ባለ ሱቆች ሁሉ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከምሳ ዋጋ የሚበልጥ አይመስልም።

አንዳንድ ባለ ሕንፃዎች «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብለው ለጥፈው ጨርሰናል ይላሉ። ይህ ችግሩን ወደ መኪና ውስጥ ያሸጋግረዋል እንጂ አያስወግደውም፤ በቆመ መኪና ወንበር ሥር የተተወ ሽጉጥ መስተዋት ለሚሰብር ሌባ ስጦታ ነው።

ከቨርጂኒያ የተመለሱት የገርጂው ባለ ሱቅ ብራውኒንጉን አልገዙም። ጓደኞቻቸው ሚስታቸው ከለከሏቸው እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እርሳቸው ግን ሐሳቤን የቀየርኩት ወንድሜ በስልክ ስለ ካዝናውና ስለ ቀረችው ጥይት ካስረዳኝ በኋላ ነው ይላሉ። ሱቃቸው ባለበት ሕንፃ ከሚገኙት ነጋዴዎች ጋር ገንዘብ አዋጥተው በመገናኛ አካባቢ አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ባለ ስምንት ክፍል ሣጥን አሠርተዋል፤ አሸዋውንም ከጎረቤት የሕንፃ ሥራ በሁለት ጆንያ አስመጥተዋል። ዘበኛው በመጀመሪያው ሳምንት አሸዋው ለሲጋራ መተርኮሻ የመጣ መስሎት ነበር። አሁን ተምሯል። ደረሰኙ ግን ገና አልታተመም፤ በምን መልክ እንደሚታተም ከምክር ቤቱ መልስ እየጠበቁ ነው።